በክረምት የዕፅዋት ማዕከልን መጎብኘት፦ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ለሚነሡ

በአዲስ አበባ እንደ ጉለሌ ያለ የዕፅዋት ማዕከል ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው ቀጠሮውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ለመስከረም ወይም ለጥቅምት፣ ማለትም አደይ አበባ ሲፈነዳና ሰማዩ ሲጠራ ነው። ለሽርሽር ከሆነ ምርጫው ትክክል ነው፤ ዛፍን ከዛፍ፣ ቁጥቋጦን ከቁጥቋጦ ለይቶ ለማወቅ ለሚፈልግ ጎብኚ ግን ከሐምሌና ከነሐሴ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። አበባ በበዛበት ወቅት ዓይን ቀለሙን ብቻ እያየ ያልፋል፤ በክረምት ደግሞ የበጋው አቧራ ከቅጠሉ ላይ ታጥቦ፣ የራሰው ቅርፊት ቀለሙ ደምቆ፣ አዲሱ ቀንበጥ ከአሮጌው አጠገብ ሆኖ ስለሚታይ፣ አንድን ዛፍ ዓመቱን ሙሉ የሚያሳውቁት ምልክቶች በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። ከዚህም በላይ ከአገራችን ዋና ዋና ዛፎች ሁለቱ፣ ጽድና ዝግባ፣ ጨርሶ አበባ የማያወጡ ናቸው፤ ስለዚህ አበባ ጠብቆ የሚወጣ ሰው እነርሱን በደንብ የሚያይበት ቀን አይመጣለትም።

በአባቶች የዘመን አቆጣጠር ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት የቀኑ ሙቀት በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቆያል፤ ሌሊቱም ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ለጎብኚው ዋናው ቁም ነገር ግን የዝናቡ ብዛት ሳይሆን የሚጥልበት ሰዓት ነው። የጠዋቷ ፀሐይ ርጥቡን መሬት ስታሞቀው እርጥበት አዘሉ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየቀዘቀዘ እኩለ ቀን ገደማ ደመናው ይቆለላል፤ ከባዱ ዝናብም፣ አንዳንዴ ከበረዶና ከነጎድጓድ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ ከቤት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥተው፣ ጉብኝቱን በ2 ሰዓት ተኩል ጀምረው፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ወደ መውጫው ማምራት ይበጃል። ሰማዩ ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ የሚያካፋበት ቀንም አለ፤ ካፊያ ጉዞን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም፤ የሚያስቀረው ነጎድጓድ ነው።

ወሩን መምረጥ ለሚችል ሰው ሁለት አማራጭ አለ። ሐምሌ ልምላሜው የሚበረታበት፣ መንገዱ የሚከፋበት፣ ጎብኚ የሚያንስበት ወር ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ፣ ማለትም ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ፣ ዝናቡ ፋታ መስጠት ይጀምራል፤ የአደይ አበባ ተክል ቁመቱን ጨርሶ እንቡጥ የሚይዘውም በዚሁ ሰሞን ነው። ትምህርት ቤት ዝግ በመሆኑ ልጆችን ይዞ ለመውጣት ሁለቱም ወራት ይመቻሉ። ልጆች ላሉበት ቤተሰብ የነሐሴን መጨረሻ፣ ብቻውን ረጋ ብሎ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሐምሌን እመርጣለሁ።

ከመሀል ከተማ መጀመር

ትልቁን ማዕከል ከማየት በፊት ግማሽ ቀን ያህል በመሀል ከተማ ቢያሳልፉ በኋላ ብዙ ድካም ይቀልልዎታል። ምክንያቱም በሰፊ ደን ውስጥ ሁሉም አረንጓዴ መስሎ የሚታየው አንድም ዛፍ ቀድሞ ለማያውቅ ሰው ነው፤ አምስት ዛፎችን አስቀድሞ በስም የለየ ሰው ስድስተኛውን በቀላሉ ይለያል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ በእግር መሄድ ለዚህ ይበቃል። በአካባቢው ያሉ የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥሮች እንደ አብዛኛው የከተማችን ደብር ዕድሜ ጠገብ አገር በቀል ዛፎችን ጠብቀው ያቆዩ ስለሆኑ ለመማሪያ የሚሆን ጽድና ወይራ አይጠፋባቸውም። ይሁን እንጂ ቅጥሩ የጸሎት ቦታ እንጂ መናፈሻ አይደለም። በተለይ በፍልሰታ ሁለት ሳምንታት ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ለቅዳሴ ስለሚሰበሰብ ዛፍ ለማየት ሌላ ጊዜ መምረጥ፣ በሌላ ጊዜም ቢሆን ነጠላ ለብሶና ድምፅን ዝቅ አድርጎ መግባት፣ ፎቶግራፍ ለማንሣትም ማስፈቀድ ይገባል።

በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም በውስጡ ስላለ ዝናብ ቢመጣ የሚጠለሉበት ቦታ ይኖርዎታል። በበሩ መታወቂያ መጠየቅ የተለመደ ነውና ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የተመረቁት አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክም በዚሁ መሀል ከተማ ናቸው። መንገዳቸው የተነጠፈ በመሆኑ ለአረጋውያን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ለሕፃናት ከሁሉም ይልቅ የሚመቹት እነርሱ ናቸው፤ ተክሎቻቸው ግን በብዛት ለውበት ተመርጠው የተተከሉ ስለሆኑ የአገሩን ደን ለመማር ብቻቸውን አይበቁም።

በአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ይገኛል። ይህ ሕይወት ያላቸው ተክሎች የሚታዩበት ሳይሆን ተጭነው የደረቁ ናሙናዎች ከተሰበሰቡበት ቦታና ቀን ጋር ተመዝግበው የሚቀመጡበት የምርምር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው፣ ስድስት ሺሕ ያህል የኢትዮጵያና የኤርትራ የዕፅዋት ዝርያዎችን በስምንት ቅጽ የመዘገበው ታላቅ ሥራ የተመራው ከዚህ ነበር። ከእነዚህ ዝርያዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል በዓለም ላይ በዚህ ምድር ብቻ የሚበቅል ነው። ለመደበኛ ጎብኚ ክፍት የሆነ ቦታ ስላልሆነ ተማሪዎችና መምህራን አስቀድመው በደብዳቤ ቢጠይቁ ይሻላል።

ዋናው መዳረሻ ግን ከፒያሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ተረተር ግርጌ ጀምሮ ሽቅብ የተዘረጋው ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፣ ስፋቱ ከ700 ሄክታር ይበልጣል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ከመናፈሻ የሚለየው ተክሎቹ ለጥናትና ለጥበቃ በዓይነታቸው እየተሰበሰቡ የሚመዘገቡበት መሆኑ ነው። ቀድሞ በባሕር ዛፍ ተይዞ የነበረውን መሬት ቀስ በቀስ ለአገር በቀል ዛፎች የመመለስ ሥራም ስለሚካሄድበት ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የመግቢያ ሰዓቱና ዋጋው ስለሚለዋወጥ፣ በክረምትም አንዳንድ የውስጥ መንገዶች ለጊዜው ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ደውሎ ማረጋገጥና አስጎብኚ ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አስጎብኚ ከተገኘ ክፍያውን አይሰስቱ፤ በእኔ ግምት ከመግቢያ ትኬቱ ይልቅ ዋጋ ያለው እርሱ ነው። የራስዎን መኪና ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ማቆምን ያስወግዱ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለበት በኋላ ማውጣቱ ሌላ ሥራ ይሆናል።

አለባበስና ስንቅ

ከመሀል ከተማ በሦስት መቶ ሜትር ከፍ ያለ ቦታ በአማካይ ሁለት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ልብስ ሲረጥብ ደግሞ ብርዱ ከቁጥሩ በላይ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ይልቅ ስስ ሹራብ በስስ ሹራብ ላይ ደርቦ ከላይ ውኃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ መጨመር ይሻላል፤ ዳገት ሲወጣ ይሞቃል፣ ቆሞ ቅጠል ሲመለከቱ ይበርዳል። ጃንጥላ በተነጠፈ መንገድ ላይ ጥሩ ነው፤ በጠባብ የደን መንገድ ላይ ግን ቅርንጫፍ እየያዘው ከማስቸገሩም ሌላ አንዱን እጅ ስለሚወስድ ቁልቁለት ላይ ሚዛን ያሳጣል። ጫማው የግድ ውድ መሆን የለበትም፤ ሶሉ ጥርስ ያለው መሆን ግን አለበት፤ ምክንያቱም የተረተሩ ቀይ አፈር ሲርስ እጅግ ያንሸራትታል። ትርፍ ካልሲ በፌስታል ጠቅልለው ይያዙ። ከቆላ አገር ወይም ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ካለ ደግሞ ከፍታው ትንፋሽ ስለሚያሳጥር በመጀመሪያው ቀን ዳገቱን አያስወጡት። ቆሎ፣ ዳቦና በፔርሙስ የተያዘ ሻይ ለስንቅ በቂ ነው።

ምን ይታያል?

የመጀመሪያው ምክር ጥቂት ዛፍ በደንብ ማየት ነው። ከእያንዳንዱ ዛፍ ፊት ቆመው በቅደም ተከተል መጀመሪያ ቅርፊቱን፣ ቀጥሎ የቅጠሉን ላይኛና ታችኛ ገጽ፣ ከዚያም ቅጠሎቹ በቀንበጡ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሁን እየተፈራረቁ የበቀሉት መሆናቸውን ይመልከቱ፤ የስም ሰሌዳውን መጨረሻ ላይ ያንብቡ። ሰሌዳውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ዛፉን ሳያይ ወደ ሚቀጥለው ማለፉ የተለመደ ነው።

ጽድ ለዚህ ልምምድ ምቹ ነው። ወጣቱ ጽድ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለ ሲሆን በጎለመሰው ዛፍ ላይ ግን ቅጠሉ ወደ ቀንበጡ የተጣበቀ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ጥቃቅን ይሆናል፤ ግንዱም በቀጫጭን ረዣዥም ልጣጮች ይላጣል። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆኑ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላ ፍሬ ካዩ ከሴቴዋ ሥር ቆመዋል ማለት ነው። ዝግባ በሩቁ ከጽድ ጋር ሊያሳስት ይችላል፤ ሲቀርቡት ግን ቅጠሉ ጠፍጣፋና ጠባብ፣ ጫፉ የሾለ ነው፤ ቅርፊቱም በልጣጭ ሳይሆን በሰፋፊ ቁራጭ ይረግፋል።

ወይራን በአንድ እንቅስቃሴ መለየት ይቻላል። ቅጠሉን ሳይቀጥፉ ቢገለብጡት የላዩ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ፣ የታችኛው ገጹ ወደ ወርቃማ ወይም ግራጫ የሚያደላ ሆኖ ያገኙታል። ብሳናም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው፤ ልብ የመሰለው ሰፊ ቅጠሉ ከታች የነጣ ሲሆን፣ ሊረግፍ የደረሰው ቅጠል ብርቱካንማ ስለሚሆን በክረምት አረንጓዴ መካከል አንድ ሁለቱ ብቻ ደምቀው ይታያሉ። ኮሶ በቀላሉ ከሩቅ ይታወቃል፦ ቀይ ቡናማ ግንዱ እየተላጠ፣ ትልልቅ ድርብርብ ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ይታያሉ። ለትል መድኃኒትነት ያገለገለው ተንጠልጣይ አበባው በብዛት የሚታየው በበጋ ስለሆነ በክረምት የሄደ ሰው ዛፉን በግንዱና በቅጠሉ ማወቅ ይኖርበታል፤ ይህን ከቻለ ደግሞ አበባው ሲመጣ ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም። ኮርችም እንዲሁ ነው፤ በበጋ ቀይ አበባው ማንንም ያስቆማል፣ በክረምት ግን የሚለየው በአንድ ዘንግ ላይ በሚወጡት ሦስት ሰፋፊ ቅጠሎቹና በእሾሃማ ግንዱ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ መሆኑ ቆም ብለው እንዲያዩት ይጋብዛል።

ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ስሙን የሚመስል ጠቆር ያለና በየካሬው የተሰነጣጠቀ ቅርፊት አለው። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከመጠን በላይ ተልጧል፤ በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። በማዕከሉ ውስጥ ግንዱ ሙሉ ሆኖ የቆመ ዛፍ ካገኙ ጊዜ ሰጥተው ይመልከቱት።

ባሕር ዛፍን ሁሉም የሚያውቀው ስለሚመስለው አያየውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲሲቱ ዋና ከተማ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እንዲሆን ከገባ በኋላ የከተማዋ መለያ ሆኖ ቀርቷል። በክረምት ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ቅጠሉ ሰማያዊ ግራጫ፣ ክብ ቀመስና ያለ ዘንግ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ሲሆን፣ ከላይ ያለው የዚያው ዛፍ ቅጠል ግን ረዥም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠና ቁልቁል የተንጠለጠለ ነው። የአንድ ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል ለልጆች ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ከዛፎቹ በታች ያለው ዓለም በክረምት ብቻ የሚገለጥ ነው። አደይ አበባ በመስከረም የምናየው ሰኔ ላይ በጣለው ዝናብ በቅሎ ሁለት ወር ተኩል ያህል ሲያድግ ስለቆየ ነው፤ በነሐሴ አጋማሽ ሜዳው ላይ ጎንበስ ብለው ቢፈልጉ የተሰነጣጠቀ ቅጠሉንና ያልፈነዳ እንቡጡን ያገኛሉ። አምጃ በቢጫ፣ ቀጋ በነጭ አበባው በክረምትም ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ፈርን የሚባለው አበባ የማያወጣ ተክል በገደልና በጅረት ዳር ይለመልማል፤ በበጋ የደረቀ መስሎ ግንድ ላይ የቆየው ሁሉ አሁን ይለሰልሳል። አጉሊ መነጽር ያለው ሰው በአንድ ግንድ ላይ ብቻ ሩብ ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል፣ አያስቆጭም።

የመድኃኒትና የቤት ውስጥ ተክሎች ያሉበትን ክፍል ከታላላቆችዎ ጋር ቢጎበኙ ይመረጣል፤ እናትዎ ወይም አያትዎ አብረው ካሉ አስጎብኚው ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ቦታ ይህ ነው። ጋን የሚታጠብበት ግራዋ፣ ጠላውን የሚያመረው ጌሾ፣ ለምች የሚታሸው ዳማከሴ፣ ቡና ስኒ ውስጥ የሚገባው ጤና አዳም፣ ሻይ የሚያሸተው ጦስኝ ሁሉም ከማጀት ስለሚታወቁ፣ ብዙ ሰው በሥራቸው እንጂ በቁመናቸው አያውቃቸውም። እንዶድም ከእነዚሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ተክሉ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ለዓለም ያስታወቁት ነው፤ በዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ስለ መድኃኒትነታቸው የሚነገረውን መስማት ጥሩ ሆኖ ሳለ እዚያው ቀጥፎ መቅመስ ግን ተገቢ አይደለም፤ መጠናቸው ካልታወቀ ጎጂ የሆኑ ብዙ ናቸው።

ችግኝ ጣቢያውን ሳያዩ አይውጡ። ክረምት የተከላ ወቅት በመሆኑ አትክልተኞቹ በሥራ ላይ ናቸው፤ ጥያቄ ካላበዙባቸው ስለ ሥራቸው በደስታ ይናገራሉ። በግቢዎ ዛፍ ለመትከል ካሰቡ የትኛው ዝርያ ለቦታዎ ስፋት እንደሚስማማ መጠየቂያው ሰዓት ይህ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ሳይቋረጥ ሥሩን ለመስደድ ሁለት ወር ያገኛል፤ በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ግን በጥቅምት ውኃ ካላጠጡት ይቸገራል።

ጥንቃቄ

ሳማ በክረምት ከመንገድ ዳር እስከ ጉልበት ድረስ ያድጋልና ልጆች አጭር ሱሪ ለብሰው አይግቡ። ከዝናብ በኋላ የሚበቅለው እንጉዳይ ለፎቶግራፍ እንጂ ለድስት አይደለም፤ የሚበላውንና መርዛማውን በዓይን መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ነጎድጓድ ከተሰማ ከተረተሩ ጫፍና ለብቻው ከቆመ ረዥም ዛፍ ይራቁ፤ ከባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ በነፋስ ጊዜ ቅርንጫፉ ስለሚሰበር በእጥፍ አደገኛ ነው። ከላይ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ከታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጅረቱን ሊሞላው ስለሚችል፣ ጠዋት ተራምደው ያለፉትን ውኃ ሲመለሱ ደፍርሶና ከፍ ብሎ ካገኙት አይሻገሩት፤ ዞረው በድልድይ ይውጡ። በእንጦጦ ተረተር ጅብ ስላለ ከመመሸቱ በፊት ከደኑ መውጣት ይገባል።

ለማስታወሻ እርሳስ ይያዙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በረጠበ ወረቀት ላይ ይፈሳል። ደመናማ ብርሃን ጥላ ስለማያበዛ የቅጠልን ፎቶግራፍ ከፀሐያማ ቀን ይልቅ በክረምት ማንሣት ይቀላል፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ የቅርፊቱን፣ የቅጠሉን ሁለት ገጾችና የስም ሰሌዳውን በተከታታይ ቢያነሡ ቤት ሲገቡ የትኛው የየትኛው እንደሆነ አይምታታብዎትም። ቅጠል መቅጠፍና ዘር ማንሣት ክልክል ነው፤ የወደቀውንም ቢሆን አስፈቅደው ይውሰዱ።

ሲጨርሱ ከመውጫው በር አጠገብ የጫማዎን ጭቃ በእንጨት ፍቀው ያራግፉ። ይህ ለታክሲው ወለል ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ በጫማ ጭቃ ውስጥ የአረም ዘር ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚጓዝ፣ በተለይ በዚያው ሳምንት ሌላ የዕፅዋት ቦታ ወይም የገጠር እርሻ የሚጎበኝ ሰው ሶሉን በውኃ አጥቦ ማድረቅ ይኖርበታል። ወደ ፒያሳና አራት ኪሎ የሚመለሰው ታክሲ ዝናብ ሲጀምር ሰልፉ ስለሚረዝም ከ7 ሰዓት በፊት መሳፈር ይሻላል፤ በነሐሴ መጨረሻ ከሆነ መንገድ ዳር የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት እስከ ምሳ ያቆያል።